የቤት ጋዜጣ በእጅ ጽፎ ማድረስ፦ ከባዶ ወረቀት እስከ ተቀባዩ እጅ

በእጅ የሚጻፍ የቤት ጋዜጣ ጀምረው የሚተዉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለ ጓዳ፣ ስለ ጓሮ፣ ባለው አብቃቅቶ ስለመኖር የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ አይደለም። ሥራው ስለሚበዛባቸው ነው። 12 ገጽ ያቅዳሉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ቃል ይሳሳቱና ወረቀቱን ቀደው እንደገና ይጀምራሉ። እንደምንም ጨርሰው ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሄዱ ደግሞ ገጾቹ ተገለባብጠው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ጋዜጣው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

እዚህ የምንሠራው በአንድ ኤ4 ወረቀት የሚያልቅ ጋዜጣ ነው። ወረቀቱ መሃሉ ላይ ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል። ስቴፕለር አይፈልግም፣ ገጽ አይጠፋበትም፣ ፖስታ ውስጥም ይገባል። ስምንት ገጽ ለምትፈልጉ ወደ መጨረሻው አስቀምጬላችኋለሁ። ለመጀመሪያው እትም ግን አትሞክሩት።

አዘገጃጀት

መጀመሪያ እነዚህን በአንድ ላስቲክ ሰብስባችሁ አስቀምጡ። በየመሃሉ እየተነሱ መቀስ መፈለግ ሥራውን ይገድለዋል።

- ባለ 80 ግራም ነጭ ኤ4 ወረቀት፣ ቢያንስ 15 ፍሬ
- ሁለት ጥቁር እስክሪብቶ፣ ከአንድ ዓይነት። አንዱ መሃል ላይ ቢያልቅ ሌላው ቀጥሎ ልዩነቱ እንዳይታይ።
- እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ መቀስ፣ ክሊፕ፣ ፍሉድ (ስህተት የሚሸፍነው ነጭ ቀለም)
- ስቲክ ኮላ። ፈሳሹ ኮላ ወረቀቱን ያጨማድደዋል፤ ጭምድዱ ደግሞ ኮፒ ላይ ጥላ ሆኖ ይወጣል።
- አንድ ደብተር ለረቂቅና ለስም ዝርዝር
- ኦርጅናሉን የምትይዙበት ፕላስቲክ ፎልደር

ሰማያዊ እስክሪብቶ ለደብዳቤ ጥሩ ነው፤ ለኮፒ ግን ቀለሙ ሳስቶ ይወጣል። ወፍራም ማርከርም አትጠቀሙ። ወረቀቱን ሰርጎ ይገባና ፊደሉን ይደፍነዋል።

ደረጃ 1፦ የምትልኩላቸውን በስም ጻፉ

ደብተሩ ላይ የተቀባዮችን ስም ዘርዝሩ። ለመጀመሪያው እትም ከ20 ሰው አትለፉ። በየስሙ ትይዩ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የት ነው ያለው? ዓይኑ ደህና ነው? በምን ይደርሰዋል?

ይህ ለወግ የሚሞላ አይደለም። ከተቀባዮቹ መካከል አክስታችሁ ወይም ሌላ በዕድሜ የገፉ ሰው ካሉ የፊደሉ መጠን በእሳቸው ዓይን ልክ ይሆናል። ግማሹ ሰው ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ከሆነ «የጓሮ ጤና አዳም ቀንጠስ አድርጉ» የሚል ትእዛዝ ለእሱ አይሠራም። የሚልክበትን መንገድ አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ደግሞ 20 ኮፒ ታቅፎ ይቀመጣል።

በዓመት ስንት ጊዜ እንደምታወጡም አሁኑኑ ወስኑ። የእኔ ምክር በዓመት አራት ጊዜ ነው፤ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢትና ሰኔ። የቤቱ ሥራም በእነዚህ ወራት ይለዋወጣል። በታኅሣሥ ለገና የሚዘጋጀው አለ፣ በመጋቢት የፆም ምግብ አለ፣ በሰኔ ክረምት ሳይገባ የሚደርቀውና የሚቋጠረው አለ። በየወሩ እንዳትሉ። ሁለት ወር ትዘልቁና ትታክታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ሞዴል እጠፉ

አንድ ባዶ ኤ4 ወረቀት ውሰዱ። አጭሩን ጎን ከአጭሩ ጎን ገጥማችሁ መሃሉ ላይ እጠፉ። እንደ መጽሐፍ ያዙትና በየገጹ ትልልቅ ቁጥር ጻፉ፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4። ከዚያ ዘርጉት።

በአንዱ ፊት በግራ 4፣ በቀኝ 1 ታያላችሁ። ይህ የውጭው ፊት ነው። ሲገለበጥ በግራ 2፣ በቀኝ 3 አለ። ይህ የውስጡ ነው። የብዙ ሰው ጋዜጣ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ 1ን እና 2ን ጎን ለጎን ይጽፏቸዋል።

ሞዴሉን እንዳትጥሉት። ፎቶ ኮፒ ቤት ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ለልጁ በአፍ ከማስረዳት ሞዴሉን ማሳየት ይቀላል።

ቢሳሳትባችሁ፦ ቁጥሮቹ 4-1 እና 2-3 ሆነው ካልወጡ ወረቀቱን ሳትዘረጉት ገልብጣችሁ ቆጥራችኋል። ሌላ ወረቀት ውሰዱ እንጂ ይኸኛውን አትደልዙ።

ደረጃ 3፦ ቦታውን ከፋፍሉ

የታጠፈው ገጽ ኤ5 ነው፤ 148 በ210 ሚሊሜትር። በአራቱም ጎን 15 ሚሊሜትር ባዶ ተዉ። ብዙ የኮፒ ማሽን የወረቀቱን ጠርዝ ስለማያትም እስከ ዳር የጻፋችሁት ይቆረጣል። ወደ መታጠፊያው የተጠጋ ጽሑፍ ደግሞ እጥፋቱ ውስጥ ይገባል።

የመስመሩ ርቀት 9 ሚሊሜትር ቢሆን 20 መስመር ይወጣል። በአንድ መስመር ከአራት እስከ አምስት ቃል ይገባል። ስለዚህ አንድ ገጽ ከ80 እስከ 100 ቃል ነው። የርዕሱንና የሥዕሉን ቦታ ስትቀንሱ ጠቅላላው ጋዜጣ 300 ቃል ገደማ ይሆናል። ትንሽ ነው። እውነቱን አሁን ማወቁ ሦስት ገጽ ረቂቅ ጽፎ ከማልቀስ ይሻላል።

እንዲህ ብትከፍሉት ይሠራል፦

ገጽ 1፦ የጋዜጣው ስም፣ የእትም ቁጥር፣ አጭር ሰላምታ፣ አንድ ሥዕል።
ገጽ 2፦ አንድ የቤት ሙያ፣ ሙሉውን። ቅቤ ማንጠር፣ ድርቆሽ ማድረቅ፣ እርሾ መጠበቅ፣ የመሳሰለው።
ገጽ 3፦ አንድ ነገር ሳይጣል እንዴት እንደሚውል፤ ያረጀ አንሶላ ለማድ ቤት መወልወያ፣ የሻማ ጭላጭ ለሌላ ሻማ። ከሥሩ ከአንባቢ የመጣ ጥያቄ ወይም መልስ።
ገጽ 4፦ የላይኛው ግማሽ ለትንንሽ ወሬ። የታችኛውን ግማሽ ባዶ ተዉት፤ የተቀባዩ ስምና ስልክ ይጻፍበታል።

በአንድ እትም ከአንድ ሙያ በላይ አትጨምሩ። ሁለት ግማሽ አሠራር ጽፎ ከመላክ አንድ ሙሉ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ረቂቁን ጻፉ፣ ልኬቱን ያዙ

ሰላምታውን በአንድ ምሽት ትጨርሱታላችሁ። ጊዜ የሚበላው ገጽ 2 ነው።

የእኛ ቤት ሙያ በዓይን ግምት የሚሠራ ነው። «ኮረሪማ በመጠኑ፣ ኮሰረት ጨመር አድርጎ፣ እስኪበቃው ማንጠር» ተብሎ ቢጻፍ የሚገባው ሙያውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ጋዜጣችሁን አይፈልግም።

ስለዚህ ልኬቱን ከእጅ ላይ ያዙ። ባለሙያዋ ስትሠራ አጠገቧ ቁሙና ከመጨመሯ በፊት አስቁሟት። «እማዬ፣ ድስቱ ላይ ከማድረግሽ በፊት እስቲ እዚህ ስኒ ውስጥ አድርጊልኝ» በሉ። እፍኟ ስኒው ውስጥ ሲገባ መጠኑ ይታወቃል። ስንት ማንኪያ እንደሆነ ቆጥራችሁ ጻፉ። መጀመሪያ ትስቅባችኋለች፣ ቀጥሎ ትቆጣለች፣ ሦስተኛው ላይ ራሷ ስኒውን ትጠይቃለች።

መለኪያው በሁሉም ቤት የሚገኝ ይሁን፤ የቡና ስኒ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ የሾርባ ማንኪያ፣ የሻይ ማንኪያ። «ጣሳ» ካላችሁ የምን ጣሳ እንደሆነ ንገሩ።

ከዚያ እያንዳንዱን «እስኪበቃው» በሚታይ፣ በሚሰማ ወይም በሚሸት ምልክት ተኩት። ለምሳሌ የቅቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«1 ኪሎ ለጋ ቅቤ በዝግተኛ እሳት አቅልጡ። አረፋው ወደ ላይ ሲመጣ በማንኪያ ግፈፉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮሰረት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሩ። አትክደኑት። መንጣጣቱ ሲቀንስና ድምፁ ዝም ሊል ሲል፣ ከላይ ያለው ጠርቶ ከታች ያለው አተላ ወርቃማ ሲሆን አውርዱ። አተላው ወደ ጥቁር ከሄደ ቅቤው አርሯል። ለብ ሲል በንጹህና ደረቅ ጨርቅ አጥልሉ።»

የእናንተ ቤት መጠን ይለይ ይሆናል። የራሳችሁን ጻፉ። ማንበብ ያለባችሁ ግን ምልክቶቹን ነው፤ ድምፅ አለ፣ ቀለም አለ፣ ሲበላሽ ምን እንደሚመስልም አለ። ወደ መጨረሻው ያለውን «ቅቤው አርሯል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቦታ ጠበበኝ ብላችሁ አታውጡት። ሌላ ነገር አውጡ።

ስለ ደቂቃ ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ እዚህ ብዙ ሰዓት የፈጀ ባቄላ እዚያ ቶሎ ይበስላል። የእንጀራ ሊጥም በሙቀት አገር ቶሎ ይቦካል። ደቂቃውን ብትጽፉም ምልክቱን ጨምሩ፦ «በሁለት ጣት ሲጫኑት የሚፈርስ»፣ «ከላዩ ውሃ ሲያቀር»።

ለውጭ ሰው ምትክም ንገሩ። ኮሰረት የማይገኝበት አገር ያለ ሰው ምን ያድርግ? «ቢቀርም ቅቤው አይበላሽም፣ መዓዛው ነው የሚቀንሰው» የምትለዋ መስመር ሰውዬውን ከመተው ታድነዋለች።

ቢበላሽ፦ ረቂቁ ከ100 ቃል ካለፈ ፊደል አታሳንሱ። መግቢያውን ቁረጡ። ብዙ ጊዜ የሚተርፈው የመጀመሪያው ሁለት መስመር ነው፤ «ቅቤ በቤታችን ትልቅ ቦታ አለው» የሚለው ዓይነት።

ደረጃ 5፦ ለሌላ ሰው አስነብቡ

ረቂቁን ሙያውን ለማይችል ሰው ስጡና ጮክ ብሎ ያንብብ። የሚያቆምበት ቦታ ሁሉ ይስተካከል። ዝም ብላችሁ አዳምጡ፤ «እሱ ማለት እኮ…» ብላችሁ ማብራራት ከጀመራችሁ ያ ማብራሪያ ወረቀቱ ላይ መግባት ነበረበት።

በዚሁ ጊዜ የሚወጡ ነገሮች አሉ፦

- ያልተጠየቀ ሰው ወሬ። የእህታችሁን እርግዝና በጋዜጣችሁ አታብስሩ። እሷ ፈቅዳ እንኳ ቢሆን ለእናቷ ነግራ መጨረሷን አረጋግጡ።
- ቤቱ ሰው የማይኖርበት ቀን። «ለጥምቀት ሁላችንም ጎንደር ነን» የሚለው ከጉዞ በኋላ ይጻፍ። ወረቀት ከእጅ እጅ ይዞራል።
- የመድኃኒት ምክር። ዳማ ከሴ ለማሽተት ጥሩ ነው ማለትና ይህን ያህል ጠጡ ማለት ይለያያሉ። መጠን ወስናችሁ ለማታውቁት በሽተኛ አትዘዙ።

ደረጃ 6፦ ንጹሁን ጻፉ

አሁን ወደ መልካሙ ወረቀት። ሁለት ኤ4 ወረቀት መሃላቸው ላይ ቆርጣችሁ አራት ኤ5 አድርጉ። እያንዳንዱን ገጽ ለብቻው ጻፉ፣ በአንድ ፊት ብቻ። በኋላ ሌላ ኤ4 ላይ ትለጥፏቸዋላችሁ። አንድ ገጽ ቢበላሽ የሚጣለው ያ አንዱ ብቻ ይሆናል።

1. በሌላ ወረቀት ላይ በጥቁር ወፍራም መስመር፣ በ9 ሚሊሜትር ርቀት 20 መስመር አስምሩ። የአራቱን ጎን ህዳግም አስምሩ። ይህን ከጽሑፍ ወረቀቱ ሥር አድርጉት። ባለ 80 ግራም ወረቀት ያሳያል። ካላሳየ መስመሩን አወፍሩት ወይም ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ጻፉ።
2. ሁለቱን ወረቀቶች በክሊፕ ያዙ። ካልተያዙ ይንሸራተታሉ፤ መስመሩም ቁልቁል ይሄዳል።
3. ከሌላው ሁሉ በፊት ርዕሶቹን ጻፉ። የቀረው ቦታ ይታወቃል።
4. ከዚያ ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች ጻፉ። ከእጃችሁ ሥር ትርፍ ወረቀት አድርጉ፤ የእጅ ላብና ቅባት ቀለም ያስፈነጥራል።
5. ገጹ ሲያልቅ እንዲደርቅ ተዉት፤ ቡናውን ከዚያ በኋላ አምጡ።

ፊደሉ ቁመቱ ከ4 ሚሊሜትር አይነስ፣ 5 ቢሆን ይመረጣል። አጻጻፋችሁ ቆንጆ መሆን የለበትም። መለየት ግን አለበት። ኮፒ ሲደረግ የሚጠፉት ትንንሾቹ ምልክቶች ናቸው፦ የ«ቤ» ቀለበት ከተደፈነ «ቢ» ይመስላል፣ «ሴ» እና «ሲ»፣ «ኬ» እና «ኪ» እንዲሁ። ቀለበቱን ከለመዳችሁት ትንሽ አስፍታችሁ ጻፉት።

ትልቁ አደጋ ቁጥር ላይ ነው። «1.5 ሊትር» ብላችሁ ጻፉ እንበል። ኮፒ ማሽኑ ነጥቧን ከበላት 15 ሊትር ሆነ። «1/2 የሻይ ማንኪያ ጨው» ሰያፍ መስመሯ ከሳሳች 12 የሻይ ማንኪያ ጨው ይሆናል። ስለዚህ ክፍልፋይን ሁልጊዜ በፊደል፦ አንድ ተኩል፣ ግማሽ፣ ሩብ። 1 እና 7ንም አትመኑ፤ ወጥ ላይ የሚገባውን መጠን ሁሉ በፊደል ብትጽፉ ይመረጣል።

ብትሳሳቱ፦ አንድ ፊደል ከሆነ ፍሉድ ቀቡና እስኪደርቅ ድረስ ጠብቁ። ሙሉ መስመር ከሆነ ፍሉድ አይሆንም። ትክክለኛውን መስመር በሌላ ወረቀት ጻፉና ቀጭን አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ከላዩ ለጥፉት። ኮፒው ላይ አይታወቅም። ቃል ዘልላችሁ ከሆነ ምልክት አድርጋችሁ ከላይ ጨምሩት፤ በእጅ የተጻፈ ጋዜጣ ላይ ነውር የለውም። ገጹን እንደገና መጻፍ ያለባችሁ መጠን ወይም ቅደም ተከተል ከተሳሳተ ነው።

ስለ ሥዕል አጭር ነገር፦ በጥቁር መስመር ብቻ ሳሉ። የእርሳስ ጥላ ኮፒ ላይ ቆሻሻ ይመስላል። ጥላ ከፈለጋችሁ ቀጫጭን መስመር ጎን ለጎን አስምሩ። በጀበና አትጀምሩ፣ አንገቱ ያስቸግራል። ስኒ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ለጥፉ

ሞዴሉን ዘርግታችሁ ፊት ለፊታችሁ አድርጉት። አንድ ሙሉ ኤ4 አግድም አስቀምጡና ገጽ 4ን በግራ፣ ገጽ 1ን በቀኝ ለጥፉ። በሌላ ኤ4 ላይ ገጽ 2ን በግራ፣ ገጽ 3ን በቀኝ። ኮላውን በአራቱ ማዕዘንና መሃል ቀቡ እንጂ ሙሉውን አትለቅልቁት።

የሁለቱ ገጾች መጋጠሚያ መሃሉ ላይ ይውላል። እዚያ ላይ ቀጭን መስመር ብትወጣ ኮፒው ሲታጠፍ አትታይም።

አሁን ሁለት ኦርጅናል አላችሁ። ከጀርባቸው በእርሳስ «ውጭ» እና «ውስጥ» በሉ፤ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስትም ሳሉ። በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው። ኦርጅናል ታክሲ ውስጥ ሊረሳ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ፎቶ ኮፒ

መብራት ይጠፋል፣ ቀለም ያልቃል፣ ማሽን ይበላሻል። ከማድረሻው ቀን ቢያንስ ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ሂዱ። ፈተና የሚባዛበት ወቅት ላይ ትምህርት ቤት አጠገብ ያለውን ኮፒ ቤት ተዉት፣ ወረፋው አያስነካም። ዋጋውን ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። በሁለት ፊት የታተመ አንድ ወረቀት እንደ ሁለት ኮፒ ሊቆጠር ይችላል።

1. መስታወቱን እዩት። የተለጠፈ ወይም የደረቀ ነገር ካለ ይጸዳ።
2. ኦርጅናሉን ክዳኑን ከፍታችሁ መስታወቱ ላይ አስተኙት። ከላይ በሚጎርሰው በኩል አታስገቡት። የተለጠፈ ወረቀት ውስጥ ገብቶ ይቀደዳል።
3. መጠኑ 100 ፐርሰንት ይሁን። አንዳንዱ ማሽን ሳይጠየቅ ያሳንሳል።
4. ከሁለቱም አንዳንድ ኮፒ በአንድ ፊት ብቻ አስወጡ። አንብቡት፤ ከሩቅ አትመልከቱት፣ አንብቡት።
5. ደህና ከሆነ አንድ ብቻ በሁለት ፊት አስወጡ። እጠፉት፣ ከሞዴሉ ጋር አስተያዩት።
6. ከዚያ የቀረውን እዘዙ። ከስም ዝርዝሩ ሦስት አስበልጡ።

የማይሆን ሲሆን፦

ውስጡ ተዘቅዝቆ ወጣ። በጣም የተለመደው ይህ ነው። ሁለተኛውን ኦርጅናል መስታወቱ ላይ አዙሩት፣ ራሱ በነበረበት ግርጌው ይሁን። ማሽኑ ራሱ በሁለት ፊት የሚያትም ከሆነ በአጭሩ ጎን እንዲገለበጥ አስመርጡ።

ፊደሉ ሳሳ። ጥቁረቱን በአንድ ደረጃ ይጨምሩላችሁ። ብዙ ከጨመራችሁ ጀርባው ግራጫ ይሆናል፣ ቀለበቶቹም ይደፈናሉ።

በየወረቀቱ አንድ ቦታ ላይ ነጠብጣብ አለ። ወይ መስታወቱ ቆሽሿል ወይ ኦርጅናሉ ላይ አለ። ኦርጅናሉን አዙራችሁ ሞክሩ፤ ነጠብጣቡ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ከዞረ የእናንተ ነው፣ ፍሉድ ንኩት። ካልዞረ የመስታወቱ ነው።

የተለጠፈው መስመር ዳሩ ጥላ አወጣ። ዳሩን በኮላ በደንብ አጣብቁ፣ ወይም ኮፒውን ትንሽ አንጡት።

ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ ተጣበቀ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ፊት ሲታተም ነው የሚሆነው። ከመጀመሪያው ፊት የወጣው ወረቀት ትኩስና የተቆለመመ ነው። ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይመለስ። ባለቤቱ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ።

እርጥብ ፍሉድ ያለበት ወረቀት መስታወቱ ላይ እንዳታደርጉ። እድፉ ከእናንተ ቀጥሎ ለሚመጣውም ሰው ይተርፋል።

ደረጃ 9፦ ማጠፍ

እያንዳንዱን ለየብቻ እጠፉ። ማዕዘኖቹን መጀመሪያ ግጠሙ፣ ከዚያ መሃሉን በጣት ያዙ፣ ከመሃል ወደ ዳር በማንኪያ ጀርባ ተጫኑት። ጥፍር ቀለሙን ያነሳዋል። ሁሉንም ስትጨርሱ ከከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሯቸው።

ደረጃ 10፦ ማድረስ

ሰፈር ላለው በእጅ ስጡ። ለእድር ወይም ለማኅበር ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ፤ በር አንኳኩቶ ማደልን ለልጅ ስጡት፣ ደስ ይለዋል። ክፍለ ሀገር ላለ ሰው በሚሄድ ሰው መላኩ ይቀላል። ጀርባው ላይ ስምና ስልክ ጻፉ። እዚህ አገር ፖስታ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ስለሆነ ቁጥሩን ሳትይዙ ቴምብር አትግዙ።

ውጭ አገር ላሉት ጋዜጣውን አንዴ ደግማችሁ እጠፉት። 105 በ148 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ትንሹ የደብዳቤ ፖስታ ውስጥ ይገባል። አንድ ባለ 80 ግራም ኤ4 ክብደቱ 5 ግራም ነው። ፖስታውም ተጨምሮ ከ20 ግራም በታች ይሆናል፤ ያ ደግሞ በብዙ አገር የደብዳቤ የመጀመሪያው የክብደት እርከን ነው። አሜሪካ እርከኑ 1 አውንስ፣ 28 ግራም ገደማ ነው። አሜሪካ ሆናችሁ የምትልኩ ከሆነ ፖስታው ጠፍጣፋና በማሽን የሚያልፍ ይሁን፤ እብጠት ካለው ተጨማሪ ይጠየቃል።

ፖስታው ውስጥ በርበሬ ለቅምሻ፣ የጓሮ ዘር፣ የደረቀ ቅጠል አትክተቱ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ዕቃ ያለበት ፖስታ የጉምሩክ ቅጽ ይፈልጋል፣ ዘር ደግሞ ብዙ አገር ይከለከላል። ቅመም የሚሄደው በተጓዥ ሻንጣ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚደርስበትን አገር ሕግ ጠይቆ።

ቀን ስትጽፉ ለውጭው ሰው ሁለቱንም አቆጣጠር አድርጉ። ልጆቹ መስከረም 20ን አያውቁም፤ አብዛኛውን ዓመት ሴፕቴምበር 30 ነው።

አልደረሰም ቢሏችሁ ሦስት ሳምንት ጠብቁና ከትርፎቹ አንዱን ላኩ። ያም ካልሆነ ያነሳችሁትን ፎቶ በቴሌግራም። ወረቀቱን የሚፈልግ ሰው ፎቶውን አይቶም ወረቀቱን ይጠይቃል።

ስምንት ገጽ ለሚፈልጉ

ሁለት እትም በቀኑ ካደረሳችሁ በኋላ ሞክሩ። ሁለት ኤ4 አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጋችሁ እጠፉና ሞዴሉን ቁጠሩ። አቀማመጡ ይህ ነው፦

የመጀመሪያው ወረቀት፣ ውጭ፦ 8 እና 1። ውስጥ፦ 2 እና 7።
ሁለተኛው ወረቀት፣ ውጭ፦ 6 እና 3። ውስጥ፦ 4 እና 5።

ተራ ስቴፕለር መሃሉ ድረስ አይደርስም። በመርፌና ክር ስፉት። እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ ብሱ፦ ከላይ፣ መሃል፣ ከታች። ከውስጥ በመሃሉ ወደ ውጭ ውጡ፣ በላይኛው ወደ ውስጥ ግቡ፣ መሃሉን ዘልላችሁ በታችኛው ወደ ውጭ ውጡ፣ በመሃሉ ተመልሳችሁ ግቡ። ሁለቱን የክር ጫፎች በረጅሙ ክር ግራና ቀኝ አድርጋችሁ ቋጥሩ። ክሩን ስትስቡ በእጥፋቱ አቅጣጫ ይሁን፤ ወደ ላይ ከሳባችሁት ወረቀቱ ይሰነጠቃል።

ቀጣዩ እትም ቢዘገይ

የመጀመሪያው እትም ግንባር ላይ «እትም 1» ብላችሁ ቁጥር ጻፉ እንጂ «በየሦስት ወሩ የሚወጣ» አትበሉ። ቃል ካልገባችሁ ዘገየ የሚላችሁ የለም። ኦርጅናሎቹን ፎልደሩ ውስጥ ጠፍጣፋ አስቀምጡ፤ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ አታድርጉ፣ የእስክሪብቶ ቀለም ይደበዝዛል።

የስም ዝርዝሩ ትይዩ አንድ ዓምድ ጨምሩና መልስ የላከ ሰው ሲኖር ምን እንዳለ ጻፉበት። «ቅቤው አረፋ አልጨርስ አለኝ» ያለ ሰው ካለ የገጽ 3 ጥያቄ ተገኘ። ማንም ምንም ካላለ ሁለት ሰው ላይ ደውሉና «የቱ መስመር ላይ ቆማችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «በጣም!» ይሏችኋል፤ ስለ ቅቤው ግን አንድም ነገር አትሰሙም።